በክረምት መንገድ ወጥቶ በደኅና ስለ መመለስ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የሚባለው ስም ከኦሪት የወጣ ነው። በዘሌዋውያን እንደ ተጻፈ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በአምሳኛው ዓመት መለከት ይነፋ ነበር፤ ያም መለከት በተሰማ ጊዜ የተሸጠው መሬት ለባለ ርስቱ፥ በባርነት ያደረውም ሰው ለወገኑ ይመለስ ነበር። እንግዲህ የኢዮቤልዩ ፍሬ ነገሩ ድግሱና መብራቱ አይደለም፤ የወጣው መግባቱ፥ የራቀው መቅረቡ ነው። ስለዚህ በዛሬው ቀን ስለ መመለስ ቢነገር ከበዓሉ ምሥጢር የራቀ አይሆንም።

መመለስ ሲባል ሁለት ወገን ነው። አንዱ በንስሐ ወደ እግዚአብሔር መመለስ ነው፤ ይህን ካህናቱ ዘወትር ያስተምሩታል። ሁለተኛው ማለዳ ከደጁ የወጣ ሰው ማታ በደኅና ወደ ቤቱ መግባቱ ነው። ይህ ሁለተኛው ቀላል ነገር መስሎ ስለሚታይ በዐውደ ምሕረት የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ራት አቅርቦ የጠበቀና የሚበላው ሰው ያልመጣለት ቤት ክብደቱን ያውቀዋል።

ድሬዳዋ የመንገድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር፤ ዳሩ ግን ተራራው ጽኑ ሆኖ ሐዲዱን ወደ ላይ ማውጣት ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ በ1895 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ከሜዳው ላይ ቆመ፤ ከተማይቱም በዚያ ተቈረቈረች። ተራራው ባይከለክል ኖሮ ከተማይቱ ባልኖረችም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ኑሮ በመሄድና በመመለስ ላይ የተመሠረተ ሆነ፤ አስቀድሞ በባቡር፥ ኋላም በካሚዮንና በአውቶሞቢል። የታይዋን ሰፈር ነዋሪ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። የሰፈሩ ስም ራሱ ከባሕር ማዶ ያለች የእስያ ደሴት ስም ነው። ባለ ሱቁ፥ ሾፌሩ፥ ረዳቱ፥ ጫኝና አውራጁ፥ ሻይ የምታፈላውም እናት ሳትቀር ሁሉም እንጀራውን የሚበላው መንገድ ከሚያመጣው ነው።

ይህም መንገድ ወደ ደጋው ሲወጣ በደንገጎ በኩል ያልፋል። ከተማይቱ ያለችበት ስፍራ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን የደንገጎ ራስ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ ከፍታ መንገዱ በአጭር ርቀት ስለሚወጣው፥ እንደ ገመድ እየተጠመጠመ በአንድ ወገን ገደል፥ በአንድ ወገን የተቈረጠ ዐለት ይዞ ይሄዳል። በበጋ ጊዜ ዐይን ላለው ሾፌር የሚቻል ነው። በክረምት ግን ከታች ፀሐይና አቧራ ሳለ ከላይ ጉምና ዝናም ይሆናል፤ ሰው አቧራ ለብሶ ተነሥቶ ጭቃ ለብሶ ይደርሳል። ከታች ያለው ሰማይ ስለ ላይኛው ሰማይ አይመሰክርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

ከደንገጎ መገንጠያ አንዱ መንገድ ወደ ሐረማያና ወደ ሐረር፥ አንዱም ወደ ቁልቢ ይሄዳል። የቁልቢን ቅዱስ ገብርኤል ልዑል ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ለምስጋና እንዳሠሩት የታወቀ ነው። በዓሉም በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል፤ በታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ስላወጣ፥ በሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ቂርቆስንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን ከፈላው ጋን ስላዳነ። ታኅሣሥ በጋ ነው፤ ሐምሌ ግን የክረምት ልብ ነው። ለአንዱ መልአክ ሁለት በዓል እንዳለው ለአንዱ መንገድም ሁለት ጠባይ አለው።

ነገሩ እንዲገባ በምሳሌ ይነገር። በታይዋን ሰፈር የሚነግድ አንድ ሰው ነበረ ይባል። አንዲት ካሚዮን ነበረችው፤ አንድ ሾፌርና አንድ ትንሽ ረዳትም ነበሩት። አሮጊት እናቱ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላ ነበርና የሐምሌው በዓል ሲቀርብ ልጇ ሊወስዳት ተዘጋጀ፤ ጎረቤቱንም ሁሉ አብሮ ሊወስድ ፈቀደ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሾፌሩ ቀርቦ እንዲህ አለው፤ «ጋሼ፥ ፍሬኑ ልል ሆኗል፤ መርገጫው ስረግጠው ይሰምጣል። ሁለት ቀን ይስጡኝና ጋራዥ ላስገባት።» ነጋዴውም መለሰ፤ «አሁን ገበያ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ይሠራል። ደግሞም የምንሄደው ወደ ሌላ አይደለም፥ ወደ ገብርኤል ነው።» ሾፌሩ እንጀራው በሰውየው እጅ ነበርና ዝም አለ።

ሄዱ፤ ጥላውም ገባ፤ ታቦቱም ነግሦ ወጣ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። በመመለሻው ጊዜ ነጋዴው ካሚዮኗ ባዶ እንዳትወርድ ብሎ ከደጋው ድንችና ሽንኩርት በጆንያ ገዝቶ ጫነ። በጆንያውም ላይ ሴቶችና ሕፃናት ተቀመጡ። ጫኝ እስኪጭን፥ ሒሳብ እስኪከፈል ቀኑ መሸ። ደንገጎ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ዝናሙም ያካፋ ነበር።

ቍልቍለቱን ሲጀምሩ ሾፌሩ ፍሬኑን እየረገጠ ወረደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚቃጠል ነገር ሸተተ፤ ከላይ የተቀመጡት ሴቶችም «ምንድር ነው የሚሸተው?» ተባባሉ። ቀጥሎ መርገጫው እስከ ወለሉ ወረደ፥ ካሚዮኗ ግን አልቆመችም። ሾፌሩ ወደ ከባዱ ማርሽ ሊመልስ ታገለ፤ ከብዙ ጩኸት በኋላ ገባለት፤ መሪውንም ወደ ዐለቱ ወገን አዞረ። ጎኗ ዐለቱን እየፋቀ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭቃ አግኝቷት ወገቧ ዞረ፥ የኋላ እግሯም ወደ ገደሉ ወጣ። በዚያም ቆመች። አንዱ የኋላ ጎማ በባዶ አየር ላይ ይሽከረከር ነበር። የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ፤ ከሩቅ የጎርፍ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ያን ጊዜ ትንሹ ረዳት ማንም ሳያዘው ዘሎ ወረደ። በጨለማው እየዳሰሰ አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኘና በሁለት እጁ አቅፎ አምጥቶ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገው፤ ሁለተኛም ጨመረ። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ «ማንም አይነሣ! አስቀድሞ ሕፃናቱ ከፊት በኩል፥ አንድ በአንድ!» እያለ አዘዘ። የተራራው ገበሬዎች ድምፁን ሰምተው ፋኖስና ገመድ ይዘው ደረሱ፤ በኦሮምኛ እየተጣሩ ሰዉን አወረዱ፥ ጆንያዎቹን አራገፉ፥ ካሚዮኗንም ከዛፍ ጋር አሰሩ። ሃይማኖታችሁ ምንድር ነው፥ ወገናችሁ ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከሰውም የሞተ አልነበረም።

አሮጊቷ እናት በረጠበ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳለች ልጇ ከእግሯ ሥር ወድቆ «እማዬ፥ ገብርኤል አወጣን!» አላት። እርሷም እንዲህ ብላ መለሰችለት፤ «አዎን ልጄ፥ አውጥቶናል። ነገር ግን ገብርኤል ዛሬ ማታ ድንጋይ አቅፎ የወረደው በዚህ ልጅ እጅ ነው። ከሦስት ቀን በፊትም በሾፌርህ አፍ ነግሮህ ነበር፤ ያን ጊዜ አልሰማኸውም።»

ምሳሌው በዚህ ይፈጸማል፤ ምሥጢሩ ግን ከዚህ ይጀምራል። አሮጊቷ የተናገረችው ቃል መጻሕፍት ከሚሉት አልወጣም። በግብረ ሐዋርያት ስለ ቅዱስ ጳውሎስ የባሕር ጉዞ የተጻፈውን ማስታወስ ይበቃል። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮሜ ሲሄድ ከቀርጤስ ደሴት ደረሱ፤ የጾሙም ወራት አልፎ ክረምቱ ቀርቦ ነበር። እርሱም ይህ ጉዞ በጭነቱና በመርከቡ ብቻ ሳይሆን በነፍስም ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን ከጳውሎስ ይልቅ መርከብ ነጂውንና ባለ መርከቡን ሰማ። ባለ መርከቡ ስንዴ ጭኖ ነበር፤ ጥቂትም የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ነገሩ የተሳካ መሰላቸውና ወጡ። ወዲያው ዐውሎ ነፋስ ያዛቸው፤ ብዙ ቀንም ፀሐይና ኮከብ ሳያዩ ቆዩ።

በዚያ ጨለማ መልአክ ለጳውሎስ ታይቶ አብረውት ካሉት አንድ ስንኳ እንደማይጠፋ አበሠረው። ምእመናን እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የመልአኩ ቃል ከመጣ በኋላ የመርከቡ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የባሕሩን ጥልቀት በገመድ ለኩ፤ ከኋላ በኩል አራት መልሕቅ ጣሉ፤ መርከበኞቹ በትንሿ ታንኳ ሊሸሹ ባሰቡ ጊዜ ጳውሎስ እነዚህ ካልቀሩ መዳን እንደሌለ ተናገረ፤ ሁሉም እህል እንዲቀምሱ አደረገ፤ በመጨረሻም መርከቡ እንዲቀል ያን የተወደደ ስንዴ ወደ ባሕር ጣሉት። ሁለት መቶ ሰባ ስድስቱም ነፍስ በደኅና ወደ ምድር ወጣ፤ ስንዴው ግን ቀረ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እንደሚጠብቅ ተስፋ ሰጠ፤ ስንዴውን የመጣሉን ሥራ ግን ለእነርሱ ተወላቸው።

አንዳንድ ሰው ግን፥ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት አውጥቶ የለምን፥ ስለ ምን እኛን አያወጣንም ይላል። መልሱ ቀላል ነው። ሠለስቱ ደቂቅ እቶኑን ራሳቸው አላነደዱትም። ኢየሉጣም ልጇን አቅፋ ጋኑን ራሷ አልጣደችውም። ሌላ ሰው ባነደደው እሳት ስለ ሃይማኖታቸው ተጣሉ፤ መልአኩም ወረደላቸው። የላላ ፍሬን እያወቀ፥ ከልክ በላይ ጭኖ፥ በሌሊትና በጉም ቍልቍለት የሚወርድ ሰው ግን እሳቱን ራሱ አንድዶ ራሱ የሚገባ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ጌታ በመቅደሱ ጫፍ ላይ ሳለ ለይቶ አሳይቶታል። ዲያብሎስ፥ ራስህን ወደ ታች ወርውር፥ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል ባለው ጊዜ፥ ጌታ የመላእክትን ጥበቃ አልካደም፤ እግዚአብሔርን በዚህ መንገድ መፈታተን እንደማይገባ ግን መለሰለት። መታመን ሌላ ነው፥ መፈታተን ሌላ ነው። ሁለቱ በአፍ ሲነገሩ ይመሳሰላሉ፤ በደንገጎ ቍልቍለት ግን ይለያያሉ።

ኦሪትም በዚህ ነገር ሕግ ሠርታለች። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፥ በሬው አስቀድሞ ወጊ መሆኑ ያልታወቀ እንደ ሆነ ባለቤቱ ንጹሕ ነው ትላለች። በሬው አስቀድሞ ወጊ መሆኑ ታውቆ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት ያልጠበቀው እንደ ሆነ ግን ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው። ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ ቤቱ ባለ ደም እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች። በዚያ ዘመን መኪና አልነበረም፤ ሕጉ ግን ለመኪና እንደ ተጻፈ ሆኖ ይነበባል። የላላ ፍሬን የታወቀ ወጊ በሬ ነው። ሾፌሩ ነግሮት እያለ «ከበዓሉ በኋላ» ያለ ባለ ንብረት፥ በሬውን በገበያ መካከል የለቀቀውን ሰው ይመስላል። አደጋው ቢደርስ፥ ሰው ሾፌሩን ይከስሳል፤ የልብን የሚመረምር ዳኛ ግን የተነገረውንና ያልሰማውንም ይጠይቃል።

ምሳሌውን ተረት ነው የሚል ቢኖር፥ በዚህች አገር በእውነት የሆነውን ያስታውስ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ1957 ዓመተ ምሕረትም በቶኪዮ ደግሞ የማራቶንን ድል አገኘ፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ከዓለም ሁሉ የጸኑ እግሮች የእርሱ እግሮች ነበሩ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓመተ ምሕረት በሌሊት በሸኖ አቅራቢያ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ከእጁ ወጥታ ተገለበጠች፤ እርሱም ሰው እስኪያገኘው ድረስ እስከ ንጋት በውስጧ ተይዞ አደረ። ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ብዙ ወራት ታከመ፤ እጆቹ ዳኑለት፥ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልተራመዱም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት እስከ መወዳደር የደረሰ ጽኑ ሰው ነበር፤ በጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓመተ ምሕረት ዐረፈ። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ያላደከመውን ሰው አንዲት የሌሊት ደቂቃ ጣለችው። እንዲህ ከሆነ፥ እኔ ጎበዝ ነኝ፥ መንገዱን ዐውቀዋለሁ የሚል ማን ነው?

በጥር ወር 1977 ዓመተ ምሕረት ደግሞ የምድር ባቡሩ በአዋሽ አጠገብ ከጠማማው ድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ወደ ገደል ወደቀ፤ ከአራት መቶ በላይ ሰው አለቀ። በጠማማው ስፍራ ፍጥነቱ ሊቀነስ ሲገባ አልተቀነሰም ነበር። ሐዲድ ያለውን ባቡር ፍጥነት ከሐዲዱ ካወጣው፥ ሐዲድ የሌለውን መኪና እንዴት አያወጣውም?

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓመተ ምሕረት ለእሑድ አጥቢያ የሆነውን ግን በድሬዳዋ የሚነግር ሰው አያሻም። ዝናሙ በደጋው ዘነመ፤ ከተማይቱ ተኝታ ነበር፤ ደቻቱም በሌሊት መጣ። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ፥ ብዙ ሺሕም ቤቱን አጥቶ ተበተነ። በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበትን ወንዝ ሰው መንገድ አድርጎት ነበር፤ ወንዙ ግን በክረምት የራሱ መንገድ መሆኑን አልረሳም። ከላይ የዘነመው ከታች ሳይታይ እንደሚመጣ የተማረች ከተማ፥ ልጆቿ በዚያው ክረምት በመኪና ወደ ላይ ሲወጡ ትምህርቱን ልትረሳው አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጻሕፍት ነገር ከእጅ ሥራ ካልተጋባ ፍሬ አይሰጥምና በአጭሩ ይነገር።

አስቀድሞ ስለ ፍሬን። ፍሬን የሚሠራው በመፋተግ ነው፤ መፋተግም ሙቀት ይወልዳል። በረዥም ቍልቍለት ያለ ዕረፍት የተረገጠ ፍሬን ከመጠን በላይ ይግላል፤ የመያዝ ኀይሉም ይደክማል። በውስጡ ያለው ዘይት አርጅቶ ውሃ የጠጣ እንደ ሆነ ደግሞ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት ስለሚጨመቅ መርገጫው ይሰምጣል፥ ጎማው ግን አይያዝም። የምሳሌውም ሾፌር ያገኘው ይህ ነው። ስለዚህ የቀደሙት ብልሆች ሾፌሮች፥ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቍልቍለቱን መውረድ ይገባል ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፥ ፍሬኑም ያርፋል። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ ባዶውን መልቀቅ ግን ሳንቲም አትርፎ ነፍስ መሸጥ ነው።

ሁለተኛ ስለ ጭነት። ጭነት በከበደ መጠን መኪናን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። በጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰውም መኪና ስትዘነብል የሚይዘው ነገር የለውም። እነጳውሎስ ስንዴውን ከማዕበሉ መካከል ጣሉት፤ ብልህ ነጋዴ ግን ማዕበሉ ሳይመጣ ከቤቱ ይተወዋል።

ሦስተኛ ስለ ሰዓትና ስለ ውሃ። በጉም ውስጥ ረዥሙን መብራት ማብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል እንጂ መንገዱን አያሳይም፤ አጭሩን መብራት አብርቶ ቀስ ማለት፥ ካልታየም ከመንገዱ ወጥቶ ቆሞ ማደር ይሻላል። የሚፈስ ጎርፍ ባጋጠመ ጊዜ ደግሞ ከጉልበት በታች የሆነ ውሃ ስንኳ ትንሿን መኪና ሊያነሣት እንደሚችል፥ 60 ሳንቲሜትር ያህል የሆነውም አብዛኛውን መኪና ይዞ እንደሚሄድ ማወቅ ይገባል። ጎርፍ ይጎድላል፤ የጠበቀው ያልፋል፥ ያልጠበቀው ግን አብሮት ይሄዳል።

አራተኛ ስለ ሾፌርና ስለ ባለ ንብረት። ሾፌር «አትነሣም» ያለ እንደ ሆነ ቃሉ ሊሰማለት ይገባል፤ ስለዚህ ቃሉ ደመወዙ ሊጎድልበት፥ ከሥራውም ሊባረር አይገባም። እውነት ተናግሮ እንጀራውን የሚያጣ ሾፌር በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል፤ ዝምታውም በገደል ጫፍ ላይ ይናገራል።

ስለ ካህናትም አንድ ነገር ይቀራል። ምእመናን ለቁልቢ ሲነሡ ካህኑ ወጥቶ ይባርካቸዋል፥ መስቀልም ያሳልማቸዋል፤ ይህ ከአባቶች የተወረሰ መልካም ሥርዐት ነው። ካህኑ ከመባረኩ በፊት «ጧፉ ተገዝቷል ወይ፥ ጥላው ተሸፍኗል ወይ» ብሎ እንደሚጠይቅ፥ «ፍሬኑ ታይቷል ወይ፥ ስንት ሰው ተጭኗል» ብሎም ቢጠይቅ ክህነቱን አያቃልለውም፤ እረኛ በጎቹን የሚቈጥረው ሲወጡም ሲገቡም ነውና። ስእለት ያለበት ነፍስ አባቱን ሲያማክርም፥ አስቀድሞ መኪናዋን አሠርተህ ሰዉን በደኅና አድርስ፥ ጥላው ለታኅሣሥ ይቈይሃል ቢባል ስእለቱ አይፈርስም። መልአኩ ጥላ አጥቶ ዝናም የሚመታው አይደለም።

አባታችን ያዕቆብ ከወንድሙ ፊት ሸሽቶ በመንገድ ባደረ ጊዜ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ፤ መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱም አየ። በነጋው ያን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመና ተሳለ። የስእለቱም ቃል ባለጠግነትን የሚለምን አልነበረም፤ በሚሄድበት መንገድ እንዲጠበቅ፥ የሚበላውና የሚለብሰው እንዲያገኝ፥ ወደ አባቱም ቤት በደኅና እንዲመለስ ብቻ ነበር። የመንገደኛ ሁሉ ስእለት ይህ ነው። አንድም ድንጋዩ እምነት ነው፥ ሰው ራሱን የሚያሳርፍበት፤ አንድም ድንጋዩ ጥንቃቄ ነው፥ ከጎማ ሥር የሚገባ። በአንዱ ብቻ የሚሄድ በአንድ እግሩ የሚሄድ ነው።

የምሳሌው ነጋዴም በሚቀጥለው ክረምት ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ካሚዮኗን ጋራዥ አስገባ ይባል። ገበያ ቀረበት። በሐምሌ 19 ቀን የሄዱት በወንበር የሚቀመጡት ብቻ ሆኑ፤ ሲመለሱ ጆንያ አልጫኑም፥ ፀሐይም ሳትጠልቅ ደንገጎን ወረዱ። ያን ድንጋይ ረዳቱ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከወንበሩ ሥር አኑሮት ነበር። ከደጃቸው ሲደርሱ አሮጊቷ እናት ከመኪናዋ ወርዳ፥ አስቀድማ ረዳቱን ግንባሩን ሳመችው፥ ቀጥሎ ሾፌሩን፥ በመጨረሻም ልጇን። ራትም ቀርቦ ነበር፤ የጎደለ ሰው አልነበረም።

የዚህች ደብር ኢዮቤልዩ መለከት በተሰማበት በዚህ ዓመት ከደጁ የወጣውን ሁሉ እግዚአብሔር በደኅና ይመልሰው፤ የሚመለስበትንም ጥንቃቄ በልቡ ያሳድርበት። ላልተመለሱት ነፍስ ይማር፤ ለጠበቋቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።